የግራው በሬ

ላሊሴ በር ትስላለች። በር ትሠራለች አላልኩም፤ የምንሠራው እኛ ነን። እሷ ኮምፒውተር ላይ ትስላለች፣ ማሽኑ የሳለችውን ከላሜራ ላይ በእሳት ይቆርጣል፣ እኔ ደግሞ የተቆረጠውን አንስቼ በሩ ላይ እበይዳለሁ። ስለ እሷ ልጻፍ ካልኩ ቆየሁ። ግን እኔ የለመድኩት ብረት ነው። ብረት ቢበላሽ ተቆርጦ እንደገና ይበየዳል፤ ጽሑፍ ሲበላሽ ምን እንደሚደረግ እንጃ። እንዲያው እንደማወራው አድርጌ ልጻፈው።

ሥራ ቦታችን ቡራዩ ነው፣ ወደ ሆለታ በሚሄደው አስፋልት ዳር፣ ከባጃጅ መቆሚያው ፊት ለፊት። ባለቤቱ ባርናባስ ይባላል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጮክ ብሎ ስለሚናገር ነው ክፉ የሚመስለው። ለአዳዲስ ቤቶች የግቢ በር እንሠራለን። በሩ ሁለት መዝጊያ አለው፣ የግራና የቀኝ፤ በሁለቱም ላይ ከላሜራ የተቆረጠ ሥዕል ይለጠፋል። ብዙውን ጊዜ አንበሳ ነው፤ አንበሳ ካልሆነ ንስር ነው። እኔ በሰፈራችን ሰማይ ላይ ከአሞራ በቀር ንስር አይቼ አላውቅም፣ በር ላይ ግን ሞልቷል።

እነዚህ ሥዕሎች የሚመጡት ከቴሌግራም ነው። የበር ሥዕል የሚለቁ ቻናሎች አሉ። ላሊሴ ከዚያ ታወርዳለች፣ በደንበኛው በር ልክ ታሰፋለች ወይ ታጠባለች፣ ወደ ማሽኑ ትልካለች። የተቀጠረችው ለዚህ ነው።

የተወለደችው ሱሉልታ በኩል ነው። አባቷ ኦቦ ሊቤ ገበሬ ነበሩ፤ እሷ ትምህርት ቤት ሳትገባ ነው የሞቱት። እናቷ ወይዘሮ ድንቅቱ ልጃቸውን ይዘው ወደ ቡራዩ መጡና ገበያ ላይ ድንችና ጎመን እየሸጡ አሳደጓት። ላሊሴ አሥረኛ ክፍል ስትጨርስ አዲስ አበባ አንድ ማተሚያ ቤት ገባች። የሠርግ ካርድ፣ የለቅሶ ባነር፣ ስም የተጻፈበት ኩባያ። ኮረል የሚባለውን መሳያ ፕሮግራም የለመደችው እዚያ ነው። ማን አስተማረሽ ብላት «አንድ ህንዳዊ» አለችኝ። እውነት መስሎኝ የት አገኘሽው አልኳት። ሳቀች። ዩቲዩብ ላይ ነው። ሰውየው የሚለው አይገባትም ነበር፤ ድምፁን ዘግታ የማውዙን ቀስት ብቻ እየተከተለች ነው የተማረችው። እስከ ዛሬ ድረስ ስታወራ ቀኝ ጣቷ ጭኗ ላይ ይንቀሳቀሳል፣ ማውዝ እንደያዘች። እኔ መጀመሪያ በሽታ መስሎኝ ነበር።

ፊደል ስንቆርጥ ሆዱ ይወድቃል። «መ»ን ከላሜራ ላይ ብትቆርጡት ሁለቱ ክቦች ውስጥ ያለው ብረት የሚይዘው የለውምና ዱብ ይላል፤ ፊደሉ ዓይኑ እንደፈሰሰ ሰው ይሆናል። እንዳይወድቅ ቀጭን ማያያዣ ይተውለታል፣ ድልድይ እንለዋለን። ሌላው ሰው ድልድዩን ባገኘበት ያስገባዋል። ላሊሴ ግን ድልድዩን የፊደሉ አንድ አጥንት ታስመስለዋለች። ድሮም እንዲሁ የተጻፈ ነው የምትሉት። እኔ ይህን ካየሁ በኋላ ነው ልጅቷ ለማውረድ ብቻ እንዳልተፈጠረች የጠረጠርኩት።

በምሳ ሰዓት ከራሷ ትስላለች። የባጃጅ ተራ አስከባሪውን ስላው አይቻለሁ፣ ከነፊሽካው። ባርናባስ ሲያይ፦

«ላሊሴ! እኔ የከፈትኩት የሥዕል ትምህርት ቤት አይደለም።»

«ለበር ይሆናል እኮ ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

«ተራ አስከባሪ በሩ ላይ የሚለጥፍ ማነው? ሰው የሚፈልገው ጎረቤቱ በር ላይ ያየውን ነው።»

«ጎረቤቱስ ከየት አየው?»

«ከኛ ነዋ!» አለና እራሱ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም።

አንድ ቀን ባርናባስ ስልኩን ይዞ መጣና መሃላችን ቆመ። መልእክት ደርሶታል። ጮክ ብሎ አነበበው፦

«በሬ በሬ ላይ ይሁን። ያደታ ነኝ፣ ከገፈርሳ ማዶ።»

«ምን ማለት ነው ይሄ? በር በር ላይ? ሰውየው ድርብ በር ነው የሚፈልገው?» አለ።

ስልኩን ተቀብዬ እኔም አየሁት። ለኔም በር ላይ በር ነው የሆነብኝ። እንደውም ለሌባ ሳይሆን አይቀርም አልኩ። ላሊሴ ከወንበሯ ሳትነሣ አንገቷን አስግጋ አነበበችና አፏን በእጇ ያዘች።

«የፊተኛው ይላላል፣ የኋለኛው ይጠብቃል» አለች። «በሬው በሬ ላይ ይሁን ነው የሚሉት። ከብቱ። በሬ!»

«በር ላይ በሬ?» አለ ባርናባስ። «ሥጋ ቤት ሊከፍቱ ነው እንዴ?»

በማግስቱ ሽማግሌው ራሳቸው መጡ። ኦቦ ያደታ ረጅም ናቸው፣ ቦቲ ጫማ አድርገዋል፣ በዚያ ጭቃ ግን ካፖርታቸው ንጹሕ ነበር። «አካም ቡልታን» አሉን፣ እንዴት አደራችሁ ማለታቸው ነው፣ ሁላችንንም። ላሊሴ በኦሮምኛ መለሰችላቸው፣ እኔም እንደምችለው። ባርናባስ ወንበር አቀረበና ወዲያው ወደ ንግዱ ገባ።

«አባባ፣ አንበሳ ይሻልዎታል። ግርማ አለው። በር ላይ ሲቆም ያስፈራል።»

«አንበሳ ለኔ ምን አደረገልኝ?» አሉ። «እኔ በልቼ ያደርኩት በበሬ ነው።»

ከዚያ ቀስ እያሉ ነገሩን። ሁለት በሬዎች ነበሯቸው፣ ዳለቻና ማጋል። ዳለቻ መልኩ ነው፣ አመድማ፤ ማጋልም መልኩ ነው፣ ቀላ ያለ። መሬታቸው ከዓመት ዓመት ጠቦ ጠቦ፣ መጨረሻ ላይ ለሁለት በሬ መዞሪያ አነሰ። ቢሆንም አልሸጧቸውም፤ አርጅተው ግቢያቸው ውስጥ ነው የሞቱት። አሁን በዙሪያቸው ያለው ሁሉ ፎቅ ነው።

«እንግዳ ሲመጣ የማን ቤት እንደሆነ ይወቅ» አሉ። «ሌላ ነገር የለኝም።»

«የበሬዎቹ ፎቶ አለዎት?» አለች ላሊሴ።

«የማን?»

«የዳለቻና የማጋል።»

«ኢንታላኮ፣ ልጄ፣ የሚስቴ ፎቶ እንኳ የለኝም!»

ባርናባስ «ቴሌግራም ላይ በሬ አይጠፋም» አለ። ላሊሴ ፈለገች። አልጠፋም፣ አንድ ወፍራም በሬ ወጣ። ኦቦ ያደታ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው አዩትና «ሻኛው የት ሄደ?» አሉ። እውነትም ጀርባው ላይ ሻኛ የለውም፣ እንደ ጠረጴዛ ልሙጥ ነው። «ይሄማ የወተት ማሸጊያ ላይ ያለው ነው። ፈረንጅ ነው። ይሄ ሞፈር ቢያይ ይደነግጣል።»

«እኔ ልሳላቸው» አለች ላሊሴ። በጣም ቀስ ብላ ነው ያለችው። ማሽኑ ቆሞ ባይሆን አንሰማትም ነበር።

ባርናባስ አያት፣ ሽማግሌውን አየ፣ ጭንቅላቱን አከከ። ደንበኛው አንበሳ እንደማይወስድ ገብቶታል።

«እሺ» አለ። «ሁለት ላሜራ እሰጥሻለሁ፣ አንድ ለቀኝ አንድ ለግራ። አባባ ከወደዱት ከዛሬ በኋላ ሰው የሚሳል ነገር ሲፈልግ አንቺ ትስያለሽ፣ እኔ አፌን እዘጋለሁ። ካልወደዱት ግን ታወርጃለሽ። ስለራስሽ ሥዕል ሁለተኛ አልሰማም። ተስማማን?»

«ተስማማን» አለች። ጣቷ ጭኗ ላይ ቆመ።

ኦቦ ያደታ በየቀኑ ይመጡ ጀመር። የቀለም ጣሳ ገልብጠው አጠገቧ ይቀመጣሉ። እሷ በማውዙ ነጥብ በነጥብ ታስቀምጣለች፤ ነጥቦቹን የሚያገናኘውን መስመር እየሳበች ታጎብጠዋለች። እሳቸው ይናገራሉ። ግማሹ ኦሮምኛ፣ ግማሹ አማርኛ ነው።

«አንገቱ ይወፍር። ይወፍር አልኩሽ። ዳለቻ የቀኝ በሬ ነው፣ ከባድ ነው።»

«እንዲህ?»

«አሁን አበጠ። ታሟል እንዴ? ... ኤዬ! ኤዬ! አዎ፣ እዚያ ላይ ተይው።»

«እግሩስ አባባ?»

ከጣሳው ተነሡ። ካፖርታቸውን ሰብሰብ አድርገው በሥራ ቤታችን መሃል ቆሙ። ደረታቸው ወጣ፣ አገጫቸው ወደ ላይ። «ዳለቻ ሲቆም እንዲህ ነው፣ መሬቱን ሁሉ የገዛው ይመስል።» ከውጭ ያሉት የባጃጅ ልጆች ተሰብስበው ያያሉ። አንዱ «ፋዘር፣ ቀንበሩን እናምጣሎት?» አለ። ኦቦ ያደታም ዞር ሳይሉ «አምጣ፣ የግራውን ቦታ ለአንተ ነው የተውኩት» አሉት። የባጃጅ ልጆቹ ሁሉ ሳቁበት።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዳለቻ ቆመ። ስክሪን ላይ ጥቁር ጥላ ብቻ ነው፣ ግን በሬ ነው። ሻኛው ከባድ ነው፣ ቀንዶቹ ሰፋ ብለው ወደ ላይ ይወጣሉ። እኔ ገበሬ አይደለሁም፣ ግን መንገድ ላይ ባገኘው መንገድ እለቅለት ነበር።

መብራት በየመሃሉ ይጠፋ ነበርና ሥራው ዘገየ። ባርናባስ «በሩን የሚጭነው መኪና ለቅዳሜ ተይዟል» እያለ ይመላለሳል። ያን ጊዜ ላሊሴ በሥራችን ሁሉም ሰው የሚያደርገውን አደረገች። ኮረል ላይ ሚረር የሚባል ነገር አለ። አንዱን ትስላለህ፣ ያን ትጫናለህ፣ ግልባጩ በሌላው ጎን ቁጭ ይላል፣ መስታወት ውስጥ እንዳየኸው። የበር ሥዕል ሁሉ እንደዚያ ነው። ሁለት አንበሳ አይሳልም፣ አንድ አንበሳ ተስሎ ይገለበጣል፤ ግራና ቀኝ ሆነው ይተያያሉ። ለኛ ስሕተት አይደለም፣ የሥራው ወግ ነው። ዳለቻን ገለበጠችውና ግልባጩን ማጋል ብላ አስቀመጠችው። ማሽኑ ሁለቱንም ቆረጠ። እኔም በሁለቱ መዝጊያዎች ላይ ለማሳየት ያህል በብየዳ ነካ ነካ አድርጌ ያዝኳቸው።

ኦቦ ያደታ መጡ። በሩ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቆሟል። መጀመሪያ ወደ ቀኙ ሄዱ። መዳፋቸውን ሻኛው ላይ አሳረፉ፣ ሕይወት እንዳለው ነገር። «ዳለቻ» አሉ። ላሊሴ ተነፈሰች፣ ስትተነፍስ ሰማኋት።

ከዚያ ወደ ግራው ሄዱ። ቆሙ። አልነኩትም።

«ማጋልስ?» አሉ።

«ይኸው አባባ» አለች ላሊሴ።

«ኩን ማጋል ሚቲ።» ማጋል አይደለም ማለታቸው ነው። «ይሄም ዳለቻ ነው። ዳለቻን ከዳለቻ ጋር ነው ያፋጠጣችሁት። ምነው፣ ከራሱ ጋር ሊዋጋ ነው?»

እኔ ያኔ ነው ያየሁት። እውነትም ሁለቱ በሬዎች አፍ ላፍ ገጥመው ቆመዋል፣ ሊዋጉ እንደተዘጋጁ። የተጠመዱ ጥንድ አይመስሉም።

«አባባ፣ በር እኮ ሁሌም እንደዚህ ነው» አለ ባርናባስ። «የግራው የቀኙ ግልባጭ ነው። ያምራል።»

«አንበሳህ እንደፈለገ ይሁን። በሬ ግን አይገለበጥም። የቀኙን በግራ ብትጠምደው አይሄድም፣ ቆሞ ያይሃል። ማጋል የግራ ነው። ሌላ በሬ ነው።»

«በመንገድ የሚያልፍ ሰው ይሄን ያውቃል?»

«እኔ ጠዋት ጠዋት ስከፍተው አውቃለሁ።»

ባርናባስ ወደ ላሊሴ ዞረ። ያን ቀን አልጮኸም፣ ያ ነው የከበደኝ። «ሰማሽ አይደል። ቃላችን ቃል ነው። ነገ ለአባባ ሌላ ነገር አውርጂ» አለ።

«ምንም እንዳታወርድ» አሉ ኦቦ ያደታ። «ዳለቻን እወስዳለሁ። የግራው ባዶ ይሁን።»

«ባዶ? ግማሽ በር?»

«ባዶ። ማጋል ሳይመጣ መጣ አልልም።»

ኮፍያቸውን አስተካክለው ወጡ። ላሊሴ ኮምፒውተሩን አጠፋችና ሳትሰናበተን ሄደች።

በማግስቱ ዓይኗ አብጦ መጣች። ማታ ለእናቷ ስትነግራቸው፣ ወይዘሮ ድንቅቱ ድንቹን እየላጡ ሳሉ ቢላዋውን ጥለው ነው የሳቁት። «በሬ ይገለበጣል እንዴ? ኸረ አባትሽ እንዳይሰማ!» ብለዋት በኋላ ሳቃቸውን ሲጨርሱ የአባቷን በሬዎች በስም እየጠሩ፣ የቀኙ እንዲህ ነበር የግራው እንዲያ ነበር ብለው ነገሯት። እሷ አንዱንም አታስታውስም። በጣም ትንሽ ነበረች።

«ኦቦ ያደታ እኮ ነግረውኛል፣ እሼ» አለችኝ። «ዳለቻን ስስል ስለ ማጋልም እያወሩ ነበር። እጄ ዳለቻ ላይ ስለነበረ ጆሮዬን ዘግቼው ኖሯል።»

«አሁን ምን ይደረጋል?» አልኩ።

«አሁን እየሰማሁት ነው» አለች።

የዚያን ቀን የታዘዘውን የንስር ሥራ ቀድማ ጨረሰች። በምሳ ሰዓት ግን ዳቦዋን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው ሳለች። ማጋል አነስ ያለ ነው። ጭንቅላቱ ዝቅ ይላል፣ እያሰበ የሚሄድ ይመስል። አንዱ ቀንዱ ወደ ፊት ነው፣ ሌላው ወደ ታች ወረድ ይላል። ጠመዳው ሲፈታ ቀድሞ ወደ ቤት የሚሄደው እሱ ነው። ይህን ሁሉ ኦቦ ያደታ ሲያወሩ እኔም ሰምቼ ነበር፣ ግን ወሬ መስሎኝ ነው። እሷ ወሬውን መስመር አደረገችው። ባርናባስ በኋላዋ አለፈና አየ። ትንሽ ሄደና ተመልሶ፦

«ላሜራ ግን የለም» አለ። «ከወዲሁ ልንገርሽ።»

«አልጠየቅኩም ጋሼ።»

ከሰዓት በኋላ የግራውን መዝጊያ ባዶ እንዳደርገው ታዘዝኩ። የተገለበጠውን ዳለቻ ነቅዬ መሬት ላይ ጣልኩት። ሲወድቅ ተገልብጦ ነው የወደቀው። ላሜራ ፊትና ጀርባ የለውም፤ ሲገለበጥ ወደ ሌላኛው በሬ መመልከቱን ተወና ሁለቱ በአንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ሆኑ፣ አንዱ ካንዱ ኋላ። ቆሜ አየሁት። ለማንም አልተናገርኩም፣ ግን ላሊሴ ቆሜ የማየውን ልታይ መጣች። ቁጢጥ አለች።

«እሼ» አለች። «ማጋል ከዳለቻ ያንሳል ብለዋል አይደል?»

«ብለዋል።»

«ብዙ ያንሳል?»

«ሻኛው እስከ ዳለቻ ትከሻ ነው ብለዋል መሰለኝ። እርግጠኛ አይደለሁም።»

ሜትሩን ከኪሴ መዘዘች። መሬት ላይ ያለውን በሬ ለካች፣ ሄዳ ስክሪኑ ላይ ያለውን ለካች። ከዚያ የትልቁን በሬ ጥላ ስክሪን ላይ አወጣችና ማጋልን ውስጡ አስቀመጠችው። ገባ! ጀርባው ገባ፣ ሆዱ ገባ፣ እግሮቹ ገቡ። ላሜራ ባይሰጠንም በሬ ነበረን፤ ማጋል ከዚያ ከተበላሸው በሬ ሥጋ ሊወጣ ነው። ጭንቅላቱ ብቻ አልገባም። ማጋል አቀርቅሮ ነው የሚሄደው፣ አፍንጫው ከዳለቻ ደረት አልፎ ብረት የሌለበት ቦታ ላይ ይወድቃል።

«አንገቱን ቀና አድርጊው» አልኩ። «ትንሽ ቀና ካለ ይገባል።»

አየችኝ። ተናድዳ አይደለም። «ቀና ካለማ ማጋል አይደለም» አለች።

እውነቷን ነው። አሁን እሱን ብታቃና ያው ግልባጩን ከማስቀመጥ በምን ይለያል። እሷ እዚያው ስክሪን ላይ ጭንቅላቱን ከአንገቱ ቆረጠችና ብቻውን አዞረችው፣ ወዲያ ወዲህ አደረገችው፣ መጨረሻ ላይ ከዳለቻ ዳሌ በኩል የተረፈው ብረት ላይ አስቀመጠችው። «ከዚህ ይቆረጥና ትበይድልኛለህ?» አለች።

«እበይዳለሁ። ስፌቱ ግን ይታያል።»

«ይታይ።»

ባርናባስ ማሽኑ ሲነሣ ሰምቶ ወጣ። «ምንድነው የምትቆርጡት?»

«ላሜራ አልወሰድኩም ጋሼ» አለች ላሊሴ። «የተቆረጠውን ነው።»

መሬት ላይ ወዳለው ብረት አየ፣ ወደ ስክሪኑ አየ፣ ነገሩ ሲገባው አፉ ተከፈተ። «በሬ ከበሬ ውስጥ?» አለ። «ሥጋ ቤት ነው ያልኩት እኮ ለዚህ ነው!» ከዚያ ደግሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ «መብራት ሳይጠፋ ፍጠኑ እንጂ! ምን ታዩኛላችሁ?» አለን።

በየድኩ። የአንገቱን ስፌት በግራይንደር አለሰለስኩት፣ ግን እንዳልኩት መስመሩ አልጠፋም። ጥቁር ቀለም ቀባነው፣ እሱም አልሸፈነውም። በጣም አሳፈረኝ። ሌላ ሥራ ቢሆን ደግሜ ደጋግሜ እፍቀው ነበር፣ ከዚያ በላይ ብፍቀው ግን አንገቱ ይሳሳል።

ቅዳሜ መኪናው ሲመጣ ኦቦ ያደታ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጠው መጡ። ግማሽ በር ሊወስዱ ነው የመጡት። ላሊሴ ከኮምፒውተሯ ጀርባ ሆና አልወጣችም። በሩን ወደ ብርሃን ያወጣነው እኔና ባርናባስ ነን።

ሽማግሌው ከመኪናው ሳይወርዱ አዩት። ከዚያ ወረዱ፣ እየቀረቡ መጡ፣ የግራው መዝጊያ ፊት ቆሙ። በጣም ቆዩ። ባርናባስ አንድ ነገር ሊል ሲል ያዝኩት። ክርኑን ይዤው አላውቅም ነበር፣ አሠሪዬ ነው።

«ጅራቱ ረዝሟል» አሉ።

የያዝኩትን ክርን ለቀቅኩ።

ጣታቸው ከጭንቅላቱ ተነሥቶ ወደ አንገቱ መጣ፣ ስፌቱ ላይ ደረሰ፣ እዚያ ተመላለሰ። «ይሄስ ምንድነው?»

«ብየዳ ነው አባባ» አልኩ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አልጠፋ ብሎኝ ነው።»

«ለምን ታጠፋዋለህ?» አሉኝ። «ቀንበር የላጠው ቦታ እኮ ነው። ማጋል እዚህ ላይ ፀጉር አልነበረውም።»

ከዚያ ወደ ኋላ ሄድ ብለው ሁለቱንም በአንድ ላይ አዩ። ማጋል አቀርቅሮ ከፊት፣ ዳለቻ ደረቱን ነፍቶ ከኋላ። በኦሮምኛ ለራሳቸው የሆነ ነገር አሉ፣ አልሰማሁትም። ቀጥለው ለኛ «ጠመዳ ተፈትቶ ወደ ቤት ሲመለሱ እንዲህ ነበሩ» አሉን። «እሱ ይቸኩላል። ዳለቻ አይቸኩልም።»

«ወደዱት ማለት ነው አባባ?» አለ ባርናባስ።

«ጅራቱ ረዝሟል አልኩህ እኮ።»

«ወደዱት ወይ ነው የምልዎ!»

«ጫኑልኝ።»

ባርናባስ ወደ ውስጥ ዞሮ ጮኸ። «ላሊሴ! ‹ጫኑልኝ› ማለት ወደድኩት ማለት ነው?»

«በኦሮምኛም በአማርኛም!» የሚል ድምፅ ከኮምፒውተሩ ጀርባ መጣ።

ባርናባስ ቃሉን ጠበቀ፣ በራሱ መንገድ። ሰኞ ጠዋት ማንም ያላዘዘው አንድ ሙሉ ላሜራ ከጠረጴዛዋ አጠገብ ግድግዳው ላይ ተደግፎ አገኘችው። «ለማነው?» ስትለው «እኔ ምን አውቃለሁ፣ አንቺ ነሽ የምትስይው» ብሎ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ወጣ። የደወለለት ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ላሊሴ ሚረርን አትጫንም ብዬ አልዋሽም፤ ትጫናለች፣ የዕለት ሥራ ነው። ግን ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ ልክ አይደለም። ባለፈው ሳምንት አንድ ጎልማሳ መጣ፣ ለገጣፎ ቤት ሠርቶ የጨረሰ፣ የመኪና ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ።

«ሁለት አንበሳ» አለ። «የሚተያዩ።»

«የግራው ማነው?» አለችው።

«እ?»

«የቀኙ አንተ ነህ እንበል። የግራው ማነው?»

«አንበሳ ነዋ! አንበሳ ስም አለው እንዴ?»

«ከሌለው ከቴሌግራም አወርድልሃለሁ፣ ቶሎ ይደርስልሃል» አለች። «ስም ካለው ግን እስለዋለሁ። እሱ ይቆያል።»

ባርናባስ ከወዲያ ሆኖ ደንበኛ ልታባርሪብኝ ነው ሊል አፉን ከፈተ፣ እኔን አየኝ፣ መልሶ ዘጋው። ሰውየው ቁልፉን ማሽከርከር አቆመ። ስልኩን አወጣ፣ የሚደውል መስሎኝ ነበር፣ መልሶ ኪሱ ከተተው።

«ቆይ እስቲ» አለና የተገለበጠችው የቀለም ጣሳ ላይ፣ ከነጥሩ ሱሪው፣ ቁጭ አለ።